ቅዳሴያችን በግእዝ ይቀጥል ወይስ በአማርኛ ይሁን? ለአንዲት የሰበካ ጉባኤ አባል የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው፤ የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። ካህናችን ከጥቂት ወራት ወዲህ ቅዳሴውን ከሞላ ጎደል በአማርኛ ማድረግ ጀምረዋል። ግማሹ ምእመን “አሁን ገና ገባን” ብሎ ደስ ሲለው፣ ግማሹ “ግእዙ ከቀረ ምን ቀረን” እያለ ወደ ሌላ አጥቢያ መሄድ ጀምሯል። ልጆቻችን ደግሞ በሁለቱም ያዛጋሉ። ቋንቋውን መለወጥ ሥርዓት ማፍረስ ነው? ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎት። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆቹ በሁለቱም ያዛጋሉ ያሉት ነገር ከሁሉ በላይ ከብዶኛል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የቅዳሴን ቋንቋ መለወጥ ብቻውን ሥርዓት ማፍረስ አይደለም፤ ሃይማኖት መለወጥማ ጭራሽ አይደለም። ነገር ግን ተሰጥኦው፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመልሰው፣ ሳይጠና፣ ዜማው ሳይሰናዳ፣ ምእመኑ ሳይመክርበት በድንገት ከተለወጠ ሰው ይጎዳል። ከአጥቢያችሁ የሄዱት ሰዎች አማርኛ ጠልተው የሄዱ አይመስለኝም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚመልሱት ጸሎት አንድ ቀን ከአፋቸው ተወስዶባቸው ነው።

«ግእዙ አይነካ» የሚሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ነገር አለ። ግእዝ ራሱ የትርጉም ቋንቋ ነው። ብሉይ ኪዳን ወደ ግእዝ የተመለሰው ከግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ነው፤ ሐዲስ ኪዳንም ከግሪክ ነው። በአክሱም ዘመን የነበሩት አባቶች «የጌታ ወንጌል የተጻፈው በግሪክ ስለሆነ በግሪክ ይቅር» ቢሉ ኖሮ ዛሬ የምንሟገትለት ግእዝ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ባልሆነ ነበር። ያን ጊዜ ግእዝ ሕዝቡ በገበያውም በቤቱም የሚነጋገርበት ቋንቋ ነበር። የተረጎሙትም ሕዝቡ እንዲሰማው ነው።

ግን ሲተረጉሙ ሁሉንም አልተረጎሙም። ስቅለት ቀን ቤተ ክርስቲያን የዋለ ሁሉ «ኪርያላይሶን» ብሎ ሰግዷል፤ ቃሉ ግሪክ ነው። «እብኖዲ ናይናን» ብሎም ሰግዷል፤ እሱ ደግሞ ቅብጥ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች የጥንት ቋንቋ ነው፤ አምላክ ሆይ ማረን ማለት ነው። «ሃሌ ሉያ»ና «አሜን» ዕብራይስጥ ናቸው። አባቶቻችን አብዛኛውን ወደ ሰሚው ቋንቋ መለሱ፤ አጫጭሩንና ሕዝብ በአንድ አፍ የሚጮኸውን ግን እንደነበረ ተዉት። እናቴ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። «እብኖዲ ናይናን» ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቃቸው ግን «ማረን ነዋ» አሉኝ፤ ቅብጥ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሳያውቁ ትርጉሙን ያውቃሉ። ይህን ይያዙልኝ፣ መፍትሔው ከዚህ ሩቅ አይደለም።

በሌላ በኩል «አማርኛ አዲስ ነገር ነው፣ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። መምህራኑ መጻሕፍትን የሚተረጉሙት፣ «አንድም» እያሉ የሚያብራሩት በአማርኛ ነው፤ ጉባኤው ከዳር እስከ ዳር አማርኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አብርሃም፣ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ ሥራውን የሠሩት በካይሮ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ቅዳሴውም ግእዙና አማርኛው ጎን ለጎን ሆኖ ከታተመ ዘመናት ተቆጥረዋል። ካህናችሁ ምናልባት እሱኑ ይዘው ይሆናል የሚቀድሱት። ስለዚህ በአማርኛ የቀደሰ ካህን ከሥርዓት ወጣ የሚል ሰው ካለ፣ አልወጡም።

አሁን ወደ ከባዱ እንግባ። ሰው «መተርጎም» ሲል ቃል በቃል መተካት ይመስለዋል። ጸሎተ ሃይማኖትን እንውሰድ። በግእዝ «ነአምን በአሐዱ አምላክ እግዚአብሔር አብ አኃዜ ኵሉ ገባሬ ሰማያት ወምድር» ብለን እንጀምራለን። የመጀመሪያው ቃል «ነአምን» ነው፤ ሕዝቡ አፉን ሲከፍት እምነቱን ይናገራል፣ ከዚያ በማን እንደሚያምን እየዘረዘረ ይሄዳል። በአማርኛ ግን «ሁሉን በያዘ፣ ሰማይንና ምድርን፣ የሚታየውንና የማይታየውን በፈጠረ፣ በአንድ አምላክ በእግዚአብሔር አብ እናምናለን» ነው። «እናምናለን» መጨረሻ ሄደ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ጠባዩ ነው፣ ስሕተት አይደለም። ለዜማ ግን ትልቅ ነገር ነው። በግእዙ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚነሣበት ቃልና በአማርኛው የሚነሣበት ቃል አንድ አይሆንም።

ዜማውን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች የተቀመጡት በግእዙ ፊደል ራስ ላይ ነው። ቃሉ ሲረዝም፣ ሲያጥር፣ ቦታ ሲለውጥ ምልክቱ የሚያርፍበት ያጣል። ከሁለቱ የቅዳሴ ዜማ ስልቶች አንዱን፣ የደብረ ዓባይን ወይም የሰልልኩላን፣ ዓመታት የተማረ መሪጌታ አማርኛውን በዜማ ሊያስኬደው ይችላል፤ የሚችሉ አባቶች አሉ፣ ሰምቻቸውም አልቅሻለሁ። ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው። (ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀላቅለውን ልንገርዎት፦ «ግእዝ» የቋንቋም የዜማም ስም ነው። ቅዱስ ያሬድ ከደረሳቸው ከሦስቱ ዜማዎች አንዱ ግእዝ ይባላል፤ ሌሎቹ ዕዝልና አራራይ ናቸው። ስለዚህ በአማርኛ እየተቀደሰ ዜማው ግእዝ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ የሰበካ ጉባኤ ክርክር እዚህ ላይ ሳይግባቡ የሚጯጯሁበት ነው።)

አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከብዙ ዓመት በፊት በውጭ አገር በአንድ አጥቢያ ተጋብዤ ሄድኩ። ቀዳሹ ካህን አማርኛውን ከስልካቸው እያነበቡ፣ ያለ ዜማ፣ እንደ ማስታወቂያ ቀደሱት። ካህኑ «ሰላም ለሁላችሁ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ ዝም። በግእዝ «ሰላም ለኵልክሙ» ቢባል ኖሮ ሕፃኑም ሽማግሌውም «ምስለ መንፈስከ» ይል ነበር። አማርኛውን ሁሉም ሰምቶታል፤ የሚመልሰውን ግን አያውቅም። የዚያን ቀን ከቅዳሴው በኋላ «ዛሬ ሁሉም ገባኝ፣ ግን አልጸለይኩም» ያሉኝ እናት ነበሩ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

በተቃራኒው የተዋጣ አማርኛም አለን። አባታችን ሆይን ይመልከቱት። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እንላለን። በተራ ንግግር ማንም «ስጠን ዛሬ» አይልም፣ «ዛሬ ስጠን» ነው የሚለው። ግእዙ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ስለሚል ተርጓሚው የቃሉን ቅደም ተከተል ጠበቀው፤ ጸሎቱም የሚያርፍበት አገኘ። ግን «ሲሳይ» የሚለውን «እንጀራ» አደረገው፤ ይኼ ድፍረት ነው፣ ግሩም ድፍረት። «ከክፉ ሁሉ አድነን እንጂ» የሚለውም እንዲሁ የግእዙን እስትንፋስ የያዘ አማርኛ ነው። «አቤቱ» የሚለውን ቃልስ ዛሬ ከጸሎት ውጭ ማን ይጠቀምበታል? ማለትም አማርኛችን ራሱ የጸሎት አማርኛና የመንገድ አማርኛ አለው። ጥሩ ትርጉም የሚሠራው ይህንን ልዩነት የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው ነው።

ግእዝ የማያስጨንቀን፣ አማርኛ የሚያስጨንቀን ነገርም አለ፤ አንቱታ። ግእዝ አንቱታ የለውም። ለእግዚአብሔርም ለንጉሥም ለሕፃንም «አንተ» ነው። አማርኛ ግን ያስመርጥዎታል። ለእግዚአብሔር «አንተ» እንላለን፣ ማንም አይከፋውም። ለአንድ ጻድቅ ሲሆን ግን «ጸለየ» ነው «ጸለዩ»? ሁለቱም ይባላል፣ በሁለቱም የሚቆጣ ሰው አለ። ቅዳሴ ማርያም የሚጀምረው «ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ» ብሎ ነው። «ጐሥዐ» ከአማርኛው «ግሳት» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጠግቦ ሞልቶ ከውስጥ የሚፈነቅል ማለት ነው። «ልቤ አገሳ» ብንለው ወጣቱ ይሥቃል። ቃሉ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ሲተረጉመው «ልቤ መልካም ነገርን አፈለቀ» አለው፤ ያምራል፣ ግን ሙላቱ ትንሽ ቀነሰ። በሮሜ 8፥34 ላይ ስለ ክርስቶስ «የሚማልደው» የሚለው አንድ ቃል በአገራችን ስንት ክርክር እንዳስነሣ ያውቃሉ። ስለዚህ «አማርኛው አለ፣ አንብቡት» ብሎ መጨረስ አይቻልም። የትርጉም ቃል ሁሉ የሚመዝነው ሊቅ ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሊያነሣው የማይወደውን ላንሣ። አማርኛ የማን ነው? ግእዝ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ የሁሉም መሆን ችሏል። ትግርኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌው እኩል እንግዳ ሆኖ፣ እኩል ባለቤት ሆኖ ይቆምበታል። የኤርትራ ኦርቶዶክሶችና የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮችም በእርሱ ይቀድሳሉ። በእስራኤል ያሉ የቤተ እስራኤል ቄሶች እንኳ የሚጸልዩት በግእዝ ነው። ግእዙን አንሥተን በቦታው አማርኛን ብቻ ስናስቀምጥ ግን «እንዲገባን ነው» ያልነው ምክንያት አማርኛ ለማይሰማው ወንድማችን አይሠራም። እሱ ከአንዱ ከማይሰማው ቋንቋ ወደ ሌላ ወደማይሰማው ቋንቋ ነው የተሸጋገረው፤ አዲሱ ደግሞ የጎረቤቱ ነው።

በእንግሊዝ አገር ይኸው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1549 መንግሥት የላቲኑን ቅዳሴ አስቀርቶ የእንግሊዝኛ የጸሎት መጽሐፍ በመላ አገሪቱ ሲያስገድድ፣ የኮርንዋልና የዴቨን ሰዎች በዐመፅ ተነሡ። ከኮርንዋል ሰዎች መካከል እንግሊዝኛ የማይሰሙ ነበሩበት፤ የራሳቸው ኮርኒሽ የሚባል ቋንቋ ነበራቸው። በጦር ተደመሰሱ፣ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ለሎንደን ሰው «እንዲገባህ ብለን ነው» የተባለው ለኮርንዋሉ ገበሬ የባዕድ ቋንቋ ነበር።

የእኛም ቁስል ገና አልደረቀም። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አቅራቢያ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ፣ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በአፋን ኦሮሞ በበቂ አልተገለገለም የሚል ነበር። ሲኖዶሱ ሹመቱን አወገዘ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ላይ ሲደረስ ግን በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠውን አገልግሎት ማጠናከር ከነጥቦቹ አንዱ ሆነ። ሹመቱ ሥርዓት የጣሰ መሆኑን አምናለሁ። የቋንቋው ጥያቄ ግን ሹመቱ ስለተወገዘ የሚወገዝ ጥያቄ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም ነበር፣ አሁንም አለ። የአማርኛ ቅዳሴን የሚደግፍ ሰው የኦሮምኛውንም፣ የወላይትኛውንም፣ የእንግሊዝኛውንም እኩል መደገፍ አለበት። አለዚያ «እንዲገባ» የሚለው ምክንያቱ እውነተኛ አይደለም።

ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ምን አደረጉ ቢሉኝ፣ ለእኛ ቅርቡ የግብፅ ነው። ሕዝቡ ዓረብኛ ተናጋሪ እየሆነ ሲሄድ፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ገብርኤል 2ኛ ምንባባት በዓረብኛ እንዲነበቡ ፈቀዱ። ቅብጡ ግን አልተጣለም፤ አጫጭሩ ተሰጥኦና ዜማው እስከ ዛሬ በቅብጥ ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ ግብፃውያን ጎረቤቶች ካሏችሁ አንድ እሑድ ሄደው ይስሙ፤ ቅብጥ፣ ዓረብኛና እንግሊዝኛ በአንድ ቅዳሴ ሲፈራረቁ ያገኛሉ። የሮማ ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. ከ1963ቱ የቫቲካን ጉባኤ ውሳኔ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከላቲን ወደየቋንቋው ተሸጋገሩ፤ ፍጥነቱ ያስከተለው ጠብ እስከ ዛሬ አልበረደም። በእንግሊዝኛው ትርጉም ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰውን «ከአንተም ጋር» አድርገውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 «ከመንፈስህም ጋር» ወደሚለው መለሱት። እኛ ሳናቋርጥ «ምስለ መንፈስከ» ስንል የኖርነው ማለት ነው። በሩስያም እ.ኤ.አ. በ1650ዎቹ ፓትርያርክ ኒኮን መጻሕፍቱን ሲያርሙ፣ የኢየሱስን ስም በአንድ ፊደል ማስረዘማቸው እንኳ ሰውን ለስደትና ለሞት ካበቁት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ቀድሞ የነበረውን የለመደ ሰው ለአንድ ፊደል ይሞታል፤ እሱን «ኋላ ቀር» ብሎ መስደብ ምንም አይፈታም።

አሁን ወደ ልጆቹ። እኅቴ፣ እዚህ ላይ ቅር እንዳይልዎት እለምናለሁ። ለአጥቢያችሁ ልጆች አማርኛው ሁለተኛው ግእዝ ነው። እናንተ «ግእዝ አይገባንም፣ አማርኛ ይሁንልን» ያላችሁትን እነሱ ነገ «አማርኛ አይገባንም» ብለው ይደግሙታል፤ በእናንተው ምክንያት፣ በእናንተው ቃል። ጠቡ በግእዝና በአማርኛ መካከል ብቻ እስካለ ድረስ ልጆቹ ከጠቡ ውጭ ናቸው። ማዛጋታቸው እውነት አለው። ቅዱስ ጳውሎስ ያልተማረው ሰው የምትለውን ካላወቀ እንዴት አሜን ይላል ብሎ የጠየቀው ለእነሱም ነው።

ስለዚህ ቅዳሴውን አንድ ወጥ ነገር አድርጋችሁ አትቁረጡት። በውስጡ የተለያየ ሥራ ያላቸው ክፍሎች አሉ። ምንባባቱ፣ የጳውሎስ መልእክት፣ የሐዋርያት መልእክት፣ ግብረ ሐዋርያት፣ ወንጌሉ፣ ለሕዝቡ የሚነገሩ ናቸው። እነዚህን ሕዝቡ በማይሰማው ቋንቋ ማንበብ ለምን እንዳስፈለገ ማስረዳት የሚችል ሰው አላገኘሁም። በአማርኛ ይነበቡ፤ ወንጌሉ በእንግሊዝኛም ይደገም። አምስት ደቂቃ አይጨምርም። ምስባኩን ግን አትንኩት። ሦስት መስመር የመዝሙር ቃል ነው፣ ዜማው ነው ነፍሱ፤ ከሱ ይልቅ ሰባኪው ከስብከቱ በፊት ትርጉሙን ይንገር።

አጫጭሩ የዲያቆን ትእዛዝና የሕዝቡ ተሰጥኦ በግእዝ ይቆይ። «ተንሥኡ ለጸሎት»፣ «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ «ምስለ መንፈስከ»፣ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»። እነዚህ ሁልጊዜ የሚደገሙ፣ ጥቂት ገጽ የማይሞሉ ቃላት ናቸው። አሜሪካ የተወለደ የሰባት ዓመት ልጅ የማያውቀውን ቋንቋ ዘፈን በቃሉ ይዘፍናል፤ ይህን በአንድ ዓመት ይይዘዋል። ግን ትርጉሙ ይነገረው። በየእሑዱ አንድ ተሰጥኦ፣ ሦስት ጊዜ በዜማ፣ ትርጉሙ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ፍሬ ቅዳሴው፣ ረጅሙ የካህኑ ጸሎት፣ እውነተኛው መከራከሪያ እሱ ነው። እኔ በግሌ ጨርሶ ከግእዝ ባይወጣ እወዳለሁ። ቢሆንም በአማርኛ መቀደሱን አልቃወምም፤ በዜማ የሚያስኬደው ካህን ካለ፣ ሕዝቡም መልሱን በአማርኛ ካጠና። ካህናችሁን በአክብሮት ይጠይቋቸው፦ አባታችን፣ የትኛውን ቅዳሴ ነው በአማርኛ በዜማ የተማሩት? ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ያው አንዱ በወር አንድ እሑድ ይሁን፣ ቀኑም አስቀድሞ ይነገር። ቀሪዎቹ እሑዶች በግእዝ ይሁኑ፤ አማርኛውና እንግሊዝኛው በስክሪን ወይም በታተመ ወረቀት ጎን ለጎን ይቅረብ። በስክሪኑ ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ሰው ዓይኑን ከመቅደሱ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ሲያፈጥ ይውላል። ልጆቹ ተሰጥኦውን በቃላቸው ሲይዙ ያንን ክፍል ከስክሪኑ አንሡት።

ወደ ሌላ አጥቢያ የሄዱትን በተመለከተ፣ ስብሰባ ጠርታችሁ አትጠብቋቸው፣ አይመጡም። ካህኑ ራሳቸው ከሁለት የሰበካ ጉባኤ አባላት ጋር ሆነው በየቤታቸው ይሂዱ። ሲሄዱም ለማስረዳት ሳይሆን ለመጠየቅ ይሂዱ፤ «የትኛው ጸሎት ነው የቀረብዎት?» ብለው። ብዙዎቹ ሙሉውን ቅዳሴ አይሉም። አንዷ እናት «ኪርያላይሶን» ይሏችኋል፣ ሌላው አባት «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» የሚለውን ይሏችኋል። የሚሏችሁን ጻፉት። በሚቀጥለው እሑድ እነዚያን ጸሎቶች በግእዝ መልሷቸው፤ ልጆቹም የሚያጠኑት ተሰጥኦ ከእነዚያ ይጀምር፣ ያስጠኑትም ዘንድ እነዚያኑ እናቶችና አባቶች ለምኗቸው።